ስለ ፋይል ስም ቅጥያ፤ የመረጃ ቋቶችን ስም በአንድ ሥርዓት ስለ ማድረግ

፩፤ ስለ ስምና ስለ ማኅደር

ሰው ለነገር ሁሉ ስም የሚያወጣው ነገሩን ከሌላው ለይቶ ለማወቅና በፈለገው ጊዜ ለማግኘት ነው። በዕቃ ቤት ግድግዳ ላይ አያሌ መጻሕፍት በየማኅደራቸው ተሰቅለው ሲታዩ፥ በማኅደሩ ላይ ምልክት ካልተደረገ በቀር የትኛው ዳዊት የትኛው ድጓ እንደ ሆነ ሳይከፍቱ ማወቅ አይቻልም። ምልክት ያለ እንደ ሆነ ግን ፈላጊው ሳይደክም እጁን ወደሚፈልገው ይዘረጋል። ዳሩ ግን ማኅደሩ መጽሐፉ አይደለም። የድጓ ምልክት ባለበት ማኅደር ዳዊት ቢገባ፥ ዳዊቱ ስለ ማኅደሩ ብሎ ድጓ አይሆንም፤ የሚሳሳተው ምልክቱን ብቻ አይቶ የወሰደው ሰው ነው።

ዛሬ መዝገብ የሚጻፈው በብራናና በወረቀት ብቻ አይደለም። በመሥሪያ ቤትም፥ በሐኪም ቤትም፥ በትምህርት ቤትም በኮምፒዩተር ይጻፋል። በኮምፒዩተር ያለው መዝገብ ስም አለው፤ በስሙም መጨረሻ ወገኑን የሚያመለክት ቅጥያ አለው። ይህ ቅጥያ እንደ ማኅደሩ ምልክት ነው። ቅጥያዎችን በአንድ ሥርዓት ማድረግ ትልቅ ጥቅም ይሰጣል፤ ነገር ግን ውስጡን ሳይመለከት ምልክቱን ብቻ የሚለውጥ ሰው መዝገቡን ሊያጠፋ ይችላል። ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረው ይህን ለማስረዳት ነው። የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የቅጥያ ስሞች በሥራ ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ሲሆን፥ እዚህ ግን እንደ አነባበባቸው በግዕዝ ፊደል ተጽፈዋል።

፪፤ ፋይል፥ የመረጃ ቋትና ቅጥያ ምን እንደ ሆኑ

በኮምፒዩተር ውስጥ ጽሑፍም፥ ሥዕልም፥ ቍጥርም ሲቀመጥ በየራሱ ተለይቶ ስም ይሰጠዋል። ይህ በስም የተለየ ጥቅል ፋይል ይባላል፤ ፋይሎች ተሰብስበው የሚኖሩበትም ስፍራ አቃፊ ይባላል። ከፋይሎች ወገን አንዱ የመረጃ ቋት ነው፤ በውጭ አገር ቃል ዳታቤዝ ይሉታል። የመረጃ ቋት ማለት ብዙ ነገር በዐምድና በረድፍ ተሰልፎ የተጻፈበት፥ ሲፈልጉም ከብዙ ሺህ መካከል አንዱን በቅጽበት አውጥቶ የሚያሳይ መዝገብ ማለት ነው። የተማሪዎች ስምና ማርክ፥ የሕመምተኞች ካርድ፥ የግብር ከፋዮች ዝርዝር፥ የመጋዘን ዕቃ ብዛት በእንዲህ ያለ መዝገብ ይጻፋል። ስለዚህ አንድ የመረጃ ቋት ቢጠፋ፥ የጠፋው አንድ ወረቀት ሳይሆን የብዙ ሰው ጉዳይ ነው።

የፋይል ስም ብዙ ጊዜ ሁለት ክፍል አለው። ለምሳሌ፤ «ተማሪዎች.ዲቢ» የሚል ስም ቢኖር፥ ከነጥቡ በፊት ያለው የፋይሉ የራሱ ስም ነው፤ ከነጥቡ በኋላ ያለው «ዲቢ» የሚለው ቅጥያ ነው። በኢትዮጵያ ሰው በስሙና በአባቱ ስም እንደሚጠራ፥ የአባቱም ስም የማን ወገን እንደ ሆነ እንደሚያስረዳ፥ ቅጥያውም ፋይሉ ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ያስረዳል። ኮምፒዩተሩም በብዙ ስፍራ ይህን ቅጥያ አይቶ ፋይሉን በየትኛው ፕሮግራም እንደሚከፍተው ይወስናል።

፫፤ ቅጥያ ከየት እንደ መጣ

ጋሪ ኪልዳል የሚባል አሜሪካዊ ሊቅ በ1974 ሲፒኤም የተባለውን የኮምፒዩተር ማስተዳደሪያ ሥርዓት ሲሠራ፥ ለፋይል ስም 8 ፊደል፥ ለቅጥያ 3 ፊደል ብቻ ወሰነ። በ1981 የወጣው ኤምኤስ ዶስም ይህንኑ ልማድ ተከተለ። በእነዚያ ዘመናት የኮምፒዩተር ማኅደረ ትውስታ እጅግ ጠባብ ስለ ነበረ ረዥም ስም መጻፍ እንደ ብክነት ይቈጠር ነበር። ስለዚህም ብዙዎቹ የመረጃ ቋት ቅጥያዎች በሦስት ፊደል እየተጨመቁ ወጡ። ዌይን ራትሊፍ የጀመረው፥ ዲቤዝ የተባለው የመረጃ ቋት ፕሮግራም «.ዲቢኤፍ» አለ። በ1992 የወጣው ማይክሮሶፍት አክሰስ «.ኤምዲቢ» አለ።

ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በ1969 ቤል በሚባለው የምርምር ቤት በጀመሩት በዩኒክስ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በዩኒክስና ከእርሱ ሥርዓት በተወለዱት ዘንድ ነጥብ ከፊደል እንደ አንዱ ይቈጠራል እንጂ የተለየ ሥልጣን የለውም። አንድ ስም ሁለትና ሦስት ነጥብ ሊኖረው ይችላል፤ ነጥብ የሌለውም ስም ይፈቀዳል። ዊንዶውስ 95 በ1995 ሲወጣም የሦስት ፊደል ወሰን ቀረ። ወሰኑ ከቀረ በኋላ ሰው ሁሉ ደስ ያለውን ቅጥያ መጻፍ ጀመረ፤ የስም መብዛትም ከዚያ መጣ።

፬፤ የአንድ ነገር ስም ስለ መብዛቱ

ለዚህ ዋናው ምሳሌ ኤስኪዩላይት የሚባለው ነው። ይህን የመረጃ ቋት ሪቻርድ ሂፕ የሚባል አሜሪካዊ በ2000 አወጣው፤ ሦስተኛው እትሙም በ2004 ወጣ። ዛሬ በእጅ ስልክ ውስጥ ሳይቀር የሚሠራ ሲሆን፥ ፈጣሪው ግን ቅጥያው ይህ ይሁን ብሎ አላስገደደም። ስለዚህ አንዱ ጸሓፊ «.ዲቢ» ይለዋል፤ ሌላው «.ዲቢ3»፤ ሦስተኛው «.ኤስኪዩላይት»፤ አራተኛው «.ኤስኪዩላይት3» ይለዋል። ውስጣቸው አንድ ነው፤ ስማቸው ግን አራት ነው።

አማርኛ የሚጽፍ ሰው ይህን ነገር ከራሱ ፊደል ያውቀዋል። «ሥራ» በንጉሡ ሠ ቢጻፍም፥ «ስራ» በእሳቱ ሰ ቢጻፍም አንባቢው አንድ አድርጎ ያነበዋል። ኮምፒዩተር ግን ድምፅን ሳይሆን ፊደልን ስለሚቈጥር ሁለቱን የተለያዩ ቃላት አድርጎ ያያቸዋል፤ አንዱን ሲፈልጉም ሌላውን አያመጣም። በላቲን ፊደል ደግሞ በግዕዝ የሌለ ሌላ መከራ አለ፤ ይኸውም እያንዳንዱ ፊደል ትልቅና ትንሽ መልክ አለው። «ዲቢ» በትልቅ ፊደልና በትንሽ ፊደል ቢጻፍ፥ ዊንዶውስ እንደ ልማዱ አንድ ስም ያደርገዋል፤ ሊኑክስ ግን ሁለት ስም ያደርገዋል።

ይህ የስም ልዩነት ቀላል ነገር ቢመስልም ጉዳቱ ቀላል አይደለም። በአንድ ትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት የሦስት ዓመት የማርክ መዛግብት አሉ እንበል። የመጀመሪያው ዓመት «.ዲቢ»፥ የሁለተኛው «.ዲቢ3»፥ የሦስተኛው «.ኤስኪዩላይት» ተብለው ተቀምጠዋል። ሌሊት ሌሊት መጠባበቂያ ቅጂ የሚያነሣው ፕሮግራም ደግሞ ቅጥያቸው «.ዲቢ» የሆነውን ብቻ እንዲገለብጥ ታዝዟል። ፕሮግራሙ እንደ ታዘዘው ይሠራል፤ ስሕተትም አይናገርም፤ ሰውም ሁሉ ተገልብጧል ብሎ ይተኛል። ኮምፒዩተሩ የተሰበረ ቀን ግን የሁለት ዓመት ማርክ ቅጂ እንደሌለው ይታወቃል። ተማሪው ያለፈበትን ክፍል የሚያስመሰክርበት ጽሑፍ የጠፋው በሦስት ፊደል ልዩነት ነው። ስለዚህ ስምን በአንድ ሥርዓት ማድረግ ለማማር ሳይሆን መዝገብን ለመጠበቅ ነው።

፭፤ ስም ባሕርይን እንደማይለውጥ

ከዚህ በኋላ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ታላቁ ነገር ይህ ነው፤ ቅጥያን መለወጥ ፋይሉን መለወጥ አይደለም። ስም የሚለወጠው በአቃፊው ዝርዝር ላይ ነው፤ የፋይሉ ሆድ አይነካም። እጅግ ትልቅ የሆነ መዝገብ ስሙ በቅጽበት የሚለወጠውም ስለዚህ ነው። ሰው የአባቱን ስም ቢለውጥ ደሙ እንደማይለወጥ፥ ፋይልም እንዲሁ ነው። ማይክሮሶፍት በ2007 ለአክሰስ «.ኤሲሲዲቢ» የተባለ አዲስ ዐይነት መዝገብ አወጣ። «.ኤምዲቢ» የሚለውን ስም ፍቆ «.ኤሲሲዲቢ» ብሎ የጻፈ ሰው አሮጌው መዝገብ አዲስ የሆነለት ይመስለዋል፤ ነገር ግን የተለወጠው ማኅደሩ ብቻ ነው። መዝገቡ በእውነት እንዲለወጥ የሚሻ ሰው በራሱ በአክሰስ ከፍቶ በአዲሱ ዐይነት ማስጻፍ አለበት።

እንግዲህ የፋይሉ እውነተኛ ወገን በምን ይታወቃል? መጽሐፍ ከማኅደሩ ወጥቶ የመጀመሪያው ገጽ ሲነበብ ምን እንደ ሆነ እንደሚታወቅ፥ ፋይልም በመግቢያው ይታወቃል። የኤስኪዩላይት መዝገብ የመጀመሪያዎቹ 16 ባይቶች ሁልጊዜ አንድ ናቸው፤ ባይት ማለትም የኮምፒዩተር ጽሑፍ መለኪያ ነው። በእነርሱም «ኤስኪዩላይት ፎርማት 3» የሚል ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎ፥ መጨረሻው በባዶ ባይት ይዘጋል። የአክሰስ አሮጌው መዝገብ ከመግቢያው አጠገብ «ስታንዳርድ ጄት ዲቢ» ይላል፤ አዲሱ ደግሞ «ስታንዳርድ ኤስ ዲቢ» ይላል። የዲቤዝ መዝገብም የመጀመሪያው ባይት የትኛው እትም እንደ ሆነ ያሳያል።

በዩኒክስ ዘንድ ይህን መግቢያ እያነበበ የፋይሉን ወገን የሚናገር «ፋይል» የሚባል ትእዛዝ ከ1973 ጀምሮ አለ። እርሱም ቅጥያውን ሳይሆን ሆዱን ይመለከታል። መዝገብን በስም ለማስተካከል የሚሠራ መሣሪያ ሁሉ ከዚህ ጥበብ መማር ይገባዋል።

፮፤ የትእዛዝ መስመር መሣሪያ እንዴት እንደሚሠራ

ኮምፒዩተር የሚታዘዘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በስክሪኑ ላይ ያሉትን ሥዕሎች እየነኩ ማዘዝ ነው። ሁለተኛው ትእዛዙን በቃል በአንድ መስመር ጽፎ ማዘዝ ነው፤ ይህ የትእዛዝ መስመር ይባላል። አሥር ፋይል ያለው ሰው ስማቸውን አንድ በአንድ በእጁ ቢለውጥ አይከብደውም። አሥር ሺህ ያለው ግን በትእዛዝ መስመር የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ ያስፈልገዋል፤ እጅ ሲደክም ይሳሳታልና።

መልካም መሣሪያ ሥራውን በሚከተለው ተራ ይሠራል።

አንደኛ፤ ከሰውየው ሦስት ነገር ይቀበላል፤ የትኛውን አቃፊ እንደሚመለከት፥ የትኞቹን ቅጥያዎች እንደሚፈልግ፥ ወደ የትኛውም ቅጥያ እንደሚመልሳቸው።

ሁለተኛ፤ በአቃፊው ያሉትን ፋይሎች ስም ቈጥሮ ይይዛል። ከዚህም በኋላ እያንዳንዱን ከፍቶ መግቢያውን ያነባል። «.ዲቢ» ተብሎ ኤስኪዩላይት ያልሆነ ቢገኝ አይነካውም፤ ለይቶ ለሰውየው ያመለክታል እንጂ።

ሦስተኛ፤ አዲሱን ስም ያዘጋጃል። በዚህ ጊዜ መቍረጥ ያለበት ከመጨረሻው ነጥብ በኋላ ያለውን ብቻ ነው። «ማርክ.1.ዲቢ3» እና «ማርክ.2.ዲቢ3» የተባሉ ሁለት ፋይሎች ቢኖሩ፥ ከመጀመሪያው ነጥብ የሚቈርጥ ሰነፍ መሣሪያ ሁለቱንም «ማርክ.ዲቢ» ያደርጋቸዋል። ሁለት መዝገብ በአንድ ስም ሊኖር ስለማይችልም አንዱ ይጠፋል።

አራተኛ፤ አዲሱ ስም በሌላ ፋይል ተይዞ እንደ ሆነ ይመረምራል። ተይዞ ቢያገኘው ሥራውን ይተዋል እንጂ በሌላው ላይ አይጭንም።

አምስተኛ፤ ገና ምንም ሳይነካ፥ አሮጌውንና አዲሱን ስም ጐን ለጐን በስክሪኑ ላይ ያሳያል። ይህ የሙከራ ማሳያ ይባላል። ሰውየው አንብቦ ከተስማማ በኋላ ብቻ ስሙ ይለወጣል።

ስድስተኛ፤ የለወጠውን ሁሉ በአንድ ጽሑፍ ይመዘግባል፤ ስሕተት ቢገኝ ወደ አሮጌው ስም ለመመለስ እንዲቻል ነው። ያው መሣሪያ ሁለተኛ ጊዜ ቢታዘዝ ደግሞ የሚለውጠው ምንም ሊኖር አይገባም፤ የተስተካከለውን እንደገና የሚያስተካክል መሣሪያ ነገሩን ያበላሻልና።

፯፤ መጠንቀቅ ስለሚገባባቸው አራት ነገሮች

የመጀመሪያው፤ በሌላ ፋይል ላይ መጫን ነው። በዩኒክስና በሊኑክስ ስም የሚለውጠው ትእዛዝ «ኤምቪ» ይባላል። አዲሱ ስም ቀድሞ በሌላ ፋይል የተያዘ ቢሆን፥ ኤምቪ ሳይጠይቅ ያንን ፋይል አጥፍቶ በስፍራው ይተካል፤ እንዳይተካ የሚከለክለውን ምልክት ካልጨመሩለት በቀር። በዶስ ልማድ ያደገ ሰው በዚህ ይሰናከላል። በዶስ ኮከብ የሚመስለው ምልክት «ማንኛውም ስም» ማለት ስለ ሆነ፥ «ኮከብ.ዲቢን ኮከብ.ኤስኪዩላይት በለው» ብሎ ማዘዝ ይቻል ነበር። በዩኒክስ ግን ትእዛዙ ለኤምቪ ከመድረሱ በፊት ኮከቡ በአቃፊው ባሉት ፋይሎች ስም ይተካል። በአቃፊው ውስጥ አንድ «ሀ.ዲቢ» እና አንድ «ለ.ኤስኪዩላይት» ብቻ ቢኖሩ፥ ትእዛዙ «ሀ.ዲቢን ለ.ኤስኪዩላይት በለው» ወደ ማለት ይለወጣል። የለ መዝገብ ወዲያው ይጠፋል፤ የሀ መዝገብ ስሙን ወርሶ ይቀመጣል። ስክሪኑም ምንም አይናገርም።

ሁለተኛው፤ መዝገቡን ከባልንጀሮቹ መለየት ነው። ኤስኪዩላይት በሥራ ላይ ሳለ ከዋናው መዝገብ አጠገብ ሌሎች ፋይሎች ይጽፋል። ስማቸው የዋናው ስም ሙሉውን ተይዞ በላዩ «-ጆርናል»፥ ወይም «-ዋል» እና «-ኤስኤችኤም» የሚል የተጨመረበት ነው። በጆርናሉ ውስጥ ያለው ከመለወጡ በፊት የነበረው አሮጌው ጽሑፍ ነው፤ በመካከል መብራት ቢጠፋ መዝገቡ ወደ ነበረበት የሚመለሰው በእርሱ ነው። በዋሉ ውስጥ ያለው ደግሞ ገና ወደ ዋናው መዝገብ ያልተላለፈው አዲሱ ጽሑፍ ነው፤ ይህ አሠራር በ2010 የተጨመረ ነው። አንድ ሰው የዋናውን ስም ለውጦ ባልንጀራውን በአሮጌው ስም ቢተወው፥ ኤስኪዩላይት በአዲሱ ስም ሲፈልገው አያገኘውም። በዚህ ጊዜ በዋል የነበረው አዲስ ጽሑፍ ይቀራል፤ ወይም በግማሽ የተጻፈው መዝገብ የሚጠግነው ጆርናል አጥቶ ተበላሽቶ ይኖራል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ባልንጀራ ከአጠገቡ የተገኘ መዝገብ ስሙ አይለወጥም። አስቀድሞ በራሱ በኤስኪዩላይት ተከፍቶ፥ ሥራው ተፈጽሞ በሥርዓት ሊዘጋ ይገባል። በሥርዓት የተዘጋ እንደ ሆነ እነዚህ ፋይሎች ብዙ ጊዜ ራሳቸው ይጠፋሉ። በዲቤዝም ዘንድ ረዥም ማስታወሻዎች የሚቀመጡት «.ዲቢቲ» በሚባል ሌላ ፋይል ነው፤ ከ«.ዲቢኤፍ» ጋር የሚያገናኘውም የስማቸው መጀመሪያ አንድ መሆኑ ነው።

ሦስተኛው፤ በሥራ ላይ ያለውን መዝገብ መንካት ነው። ዊንዶውስ የተከፈተን ፋይል ስም ለመለወጥ ብዙ ጊዜ ይከለክላል። ሊኑክስ ግን ይፈቅዳል። መዝገቡን የከፈተው ፕሮግራም መለወጡን ሳያውቅ መጻፉን ይቀጥላል፤ ጆርናሉንም በአሮጌው ስም ይጽፋል። በዚያ መካከል መብራት ቢጠፋ መዝገቡና ጆርናሉ ተለያይተው ይቀራሉ። ስም ከመለወጥ በፊት በመዝገቡ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ሁሉ መዝጋት ግዴታ ነው።

አራተኛው፤ ውስጡ አንድ ሆኖ ግብሩ ልዩ የሆነውን አለመለየት ነው። ጂኦፓኬጅ የሚባለው የካርታ መዝገብ በመግቢያው እንደ ማንኛውም ኤስኪዩላይት ነው። ይሁን እንጂ በሥርዓቱ መጽሐፍ ቅጥያው «.ጂፒኬጂ» እንዲሆን ታዟል፤ የካርታ ፕሮግራሞችም በዚህ ያውቁታል። መግቢያውን ብቻ አይቶ «.ዲቢ» የሚለው መሣሪያ ካርታውን ከፈላጊዎቹ ይሰውረዋል። ሼፕፋይል የሚባለውም ካርታ እንዲሁ ነው፤ እርሱ ቢያንስ በሦስት ፋይል የተሠራ ነው፤ እነርሱም «.ኤስኤችፒ»፥ «.ኤስኤችኤክስ» እና «.ዲቢኤፍ» ናቸው። «.ዲቢኤፍ» የመረጃ ቋት ነው ተብሎ ለብቻው ስሙ ቢለወጥ፥ መሬቱ በካርታው ላይ ቢታይም የባለ መሬቱ ስምና የመሬቱ ስፋት ከካርታው ይለያል። ስለዚህ መግቢያን ማየት ግድ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም፤ ፋይሉ ከማን ጋር እንደሚኖርና ማን እንደሚፈልገው ደግሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

፰፤ ስምን መለወጥ ግድ ስለ ሆነበት ጊዜ

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው ቅጥያን ፈጽሞ አለመንካት ይሻላል ሊል ይችላል። ነገር ግን አሮጌውን ስም ይዞ መኖር ራሱ የሚጐዳበት ጊዜ አለ።

ጂም ስታርኪ የሚባል አሜሪካዊ በ1980ዎቹ ዓመታት ኢንተርቤዝ የተባለውን የመረጃ ቋት ፕሮግራም መሠረተ። ማኅበሩ በማሳቹሴትስ ግዛት ባለችው ግሮተን በምትባል ከተማ ስም ይጠራ ስለ ነበረ፥ የመዝገቡ ቅጥያ «ግሮተን ዳታቤዝ» ከሚለው ተወስዶ «.ጂዲቢ» ተባለ። ይህ ስም አያሌ ዓመታት ያለ ችግር ቈየ። ማይክሮሶፍት ግን በ2000 ዊንዶውስ ሚሊኒየምን፥ በ2001 ዊንዶውስ ኤክስፒን ሲያወጣ፥ የተበላሸ ኮምፒዩተርን ወደ ቀድሞ ሁኔታው የሚመልስ አሠራር ጨመረበት። ይህ አሠራር የሚጠብቃቸውን ፋይሎች የሚለየው በቅጥያቸው ነበረ፤ በዝርዝሩም ውስጥ «.ጂዲቢ» ይገኝ ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው ያለ አሳብ የኢንተርቤዝን መዝገብ ሲከፍት፥ ዊንዶውስ መዝገቡን የኮምፒዩተሩ አካል መስሎት ቅጂ ለማንሣት ይነሣል። መዝገቡ ትልቅ የሆነ እንደ ሆነ ሥራው እስኪያልቅ ሰውየው ይጠብቃል፤ የኮምፒዩተሩም ስፍራ በቅጂ ይሞላል። መዝገቡ ደኅና ነው፤ ዊንዶውስም የታዘዘውን ሠራ፤ ጥፋቱ የስም መገጣጠም ብቻ ነበረ።

ከኢንተርቤዝ በ2000 የተወለደው ፋየርበርድ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ለዚህ ነገር መድኃኒቱን በስም አገኘ፤ «.ኤፍዲቢ» የሚለውን ቅጥያ ልማድ አደረገ። ኢንተርቤዝም ራሱ ከዚያ በኋላ «.አይቢ» ወደሚለው ዞረ። ነገር ግን የአሮጌ መዛግብት ባለቤቶች ስሙን ለውጠው ብቻ ሊተኙ አልቻሉም። ወደ መዝገቡ የሚገቡት ፕሮግራሞች አሮጌውን ስም በየቦታው ጽፈው ይዘውት ስለ ነበረ፥ ያንንም ማቃናት አስፈለጋቸው። ቤቱን የለወጠ ሰው ለወዳጆቹ አዲሱን ቤት ካላሳወቀ የሚጠይቀው እንደማያገኝ፥ ስሙ የተለወጠ መዝገብም እንዲሁ ነው።

፱፤ የነገሩ ፍጻሜ

እንግዲህ ከላይ የተነገረው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ይመለሳል። ቅጥያ ለሰውና ለፕሮግራም የተሰጠ ምልክት ነው፤ እውነቱ ግን በመዝገቡ ውስጥ አለ። ምልክትና እውነት ሲስማሙ ሥራ ይቀናል፤ ሲለያዩ ሰው ይሳሳታል። ቅጥያን በአንድ ሥርዓት የሚያደርግ መሣሪያ ሥራው ምልክቱን ከእውነቱ ጋር ማስታረቅ ነው፤ ስለዚህም አስቀድሞ እውነቱን ሊያይ ይገባዋል።

ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው የሚከተለውን ይጠብቅ። አስቀድሞ የመዛግብቱን ሙሉ ቅጂ አንሥቶ በሌላ ስፍራ ያኑር። በመዛግብቱ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ሁሉ ይዝጋ። የእያንዳንዱን ፋይል መግቢያ ያስነብብ፤ ባልንጀሮቹንም ይፈልግ። የሙከራ ማሳያውን በጥሞና ያንብብ። በሌላ ፋይል ላይ መጫንን ይከልክል። አሮጌውንና አዲሱን ስም መዝግቦ ያስቀምጥ። ስሙ ከተለወጠ በኋላ እያንዳንዱን መዝገብ ከፍቶ ደኅንነቱን ይመርምር፤ ለዚህም ኤስኪዩላይት የራሱ የመመርመሪያ ትእዛዝ አለው። በመጨረሻም አሮጌውን ስም የሚያውቁትን ፕሮግራሞች፥ ይልቁንም ሌሊት ቅጂ የሚያነሣውን፥ አዲሱን ስም ያሳውቃቸው።

«የቸኰለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ተረት ለእህል የተነገረ ነው። የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ በሌላ መዝገብ የተጫነበት መዝገብ ግን ቅጂ ከሌለው የሚለቀምበት መንገድ አይገኝም። ስለዚህ በዚህ ሥራ ለአንድ ሰዓት መዘግየት የብዙ ዓመት ድካምን ይጠብቃል።

ጥያቄ።

፩፤ ቅጥያ ማለት ምንድር ነው? ከማኅደር ምልክት ጋር የሚመሳሰለው በምን ነገር ነው?

፪፤ «.ኤምዲቢ» የሚለውን ቅጥያ ወደ «.ኤሲሲዲቢ» የለወጠ ሰው መዝገቡን ለወጠውን? ምክንያቱን አስረዳ።

፫፤ በአቃፊ ውስጥ አንድ «.ዲቢ» እና አንድ «.ኤስኪዩላይት» ብቻ ሳሉ ኤምቪን በኮከብ ያዘዘ ሰው የትኛውን መዝገብ አጠፋ? ለምን?

፬፤ ከመዝገቡ አጠገብ «-ዋል» የሚል ፋይል ቢገኝ ስሙን ከመለወጥ በፊት ምን መደረግ አለበት?

፭፤ «.ጂዲቢ» የሚለው ስም ከ2000 ወዲህ ችግር ያመጣው መዝገቡ ስለ ተበላሸ ነውን? መልስህን ከምክንያቱ ጋር ጻፍ።